የሰፈራችን አንዲት ድምፅ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትክልኝ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ራስህን የሚያዞርህ ነገርስ ተወህ? ውሃ ጠጣ አቦ፤ እልህ ሲይዝህ መብላትም መጠጣትም እንደምትረሳ አውቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰሞኑን ሐረር ሲዘንብ ነው የሚውለው። ግቢያችን ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ድመቷ ወልዳ አራቱንም ልጆቿን የድሮ አልጋህ ላይ አስተኝታለች። ላስነሣት ብሞክር ቧጨረችኝ፤ ግትርነቷ ከአንተ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ብጀምረው ገና ነገሩ ሳይገባህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ፣ እኔም ደግሜ ለመደወል ወኔው አይኖረኝም። ደብዳቤውን ቅዳሜ ወደ ድሬ ለሚወርደው ለሚልኪያስ እሰጠዋለሁ። እሱ ፊት አትክፈተው፤ ስለ እሱም የምለው አለኝ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ፣ እሑድ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ፣ ያን ሰውዬ (አባባን መሆኑ ነው) ተዪው፣ ከዚያ ሁሉ ሰፈር ሰው ሆነሽ የተገኘሽው አንቺ ብቻ ነሽ ብለሃል። በምርጫ ጣቢያው በር ላይ በተለጠፈው ውጤት ከስምህ ጎን የተጻፈችው አንዲት ድምፅ የኔ መሆኗን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልገኝም ብለሃል። ለአባባ ደግሞ፣ ለቀብርህም አልመጣም ብሏል በዪልኝ ብለሃል። አልነገርኳቸውም፤ ይህን የምናገርበት አፍ የለኝም።

መጀመሪያ የሰፈሩን ሰው ነገር ልንገርህ። ሸጡኝ፣ ዘይትና ስኳር ተከፋፍለው ነው የካዱኝ ትላለህ። ወላሂ እኔ ዘይት ሲከፋፈል አላየሁም፤ አንተ አይተህ ከሆነ የኔን ድርሻ ማን ወሰደው? ጎረቤታችን እትዬ ዋፊቃ ቃል ገብተውልኝ ነበር ብለህ ተናደሃል። ኧረ በል ተው! ኢንሻአላህ ነው ያሉህ። ሐረር ተወልደህ አድገህ ኢንሻአላህን ሁሉ እሺ ነው ብለህ መቁጠርህ ይገርመኛል። ልጃቸው ሳዳ ታማ የተኛች ጊዜ ያ ሌላው ተወዳዳሪ አርባ ቀን ሙሉ ሆስፒታል ተመላልሶ እንደጠየቃት አንተ አታውቅም። ስሙን ሳየው እጄ ሌላ ወዴት ይሄዳል፣ አሉኝ፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ሚልኪያስን ደግሞ አደራህን አትናገረው። የምርጫ ምልክትህ ባልዲ ያለበትን ወረቀትህን ግንብ ለግንብ ሲለጥፍ የከረመው፣ መርጬሃለሁ ብሎ የማለልህ ሚልኪያስ አልመረጠህም። እኔ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ መጥቶ እያለቀሰ ነው የነገረኝ። ሚስቱ ብሌን ከድሬ ወደዚህ ዝውውር ከጠየቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጁን በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚያየው። ወረቀቱን ማንም እንደማያይበት ቢያውቅም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሲገባ የሆነ ሰው የሚያየው መሰለው፤ ቢታወቅብኝ ዝውውሯ ይቀራል ብሎ ፈራ። ፈሪ ብለህ አትስደበው። ልጁ የናፈቀችው አባት ነው።

ከአባባ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋው ነስሮ ግን አልፈራህም፣ አልዋሸህምም። ፊት ለፊት ነው የተናገረው። ገበያ መሀል አባቱን ያዋረደ ልጅ፣ እኔን በምን አፉ ይወክለኛል ነው ያለው። ሌላውም ሰው በየቤቱ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አብዛኛው ግን ከነስሮ ጋር ነው። ወንድም ጋሼ፣ የጣለህ ዘይት አይደለም፤ የዚያን ቀን ንግግርህ ነው።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ማይክራፎን ይዘህ የቆምክ ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ወረቀትህን የማድለው እኔ አልነበርኩም? ስለ ውሃው ስትናገር ሰው ሁሉ ያጨበጭብልህ ነበር። እውነት ነዋ፤ ጀሪካን ደርድሮ ቀን የማይቆጥር ማን አለ? ከዚያ እማዬን አነሣህ። እናቴ ታማ እያለች ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱ ላይ ወድቃ ሞተች አልክ። እሱንም ይሁን። ቀጥለህ ግን፣ በዚያ በሽተኛ ገላዋ ውሃ የላካት የገዛ ባሏ ነው፣ እሱ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሱሪ ይሰፋ ነበር አልክ። ማይክራፎንህ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር ድረስ ይሰማል እኮ! ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ መኪናቸውን አቆሙ። አባባ ብቻ አላቆሙም። ነስሮ እንደነገረኝ ጨርቁ አልቆ መርፌው ባዶውን ሲወርድና ሲወጣ እሳቸው ዝም ብለው መርገጣቸውን ቀጠሉ።

እማዬን ውሃ የላኳት አባባ አይደሉም።

አንተ ያኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነበርክ። ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። የመቅዳቱ ተራ የኔ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በማግስቱ ከተራ ነው፤ ጓደኛዬ ብርቱካን ቤት ሄጄ ሹሩባ እየተሠራሁ ነበር። እማዬ ቦኖው ተከፈተ ሲሏት ልጅ ልካ አስጠርታኛለች። ትንሽ ጠብቂኝ፣ ግማሹ ቀርቶኛል አልኩ። ጠበቀችኝ። ስቀርባት ጊዜ ሰልፉ ያልፍብኛል ብላ ራሷ ወጣች። አባባ ከጠዋት ጀምሮ ሱቃቸው ናቸው፤ ውሃ መምጣቱንም አልሰሙም። እኔ ግማሹ የተሠራ ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ ስደርስ ሰው ዳገቱ ላይ ተሰብስቦ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ፣ ኧረ ይህችን በሽተኛ ማን ነው ውሃ የሰደዳት እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር። አባባ ቀደሙኝ። እኔ ነኝ የላኳት አሉ። ጮክ ብለው ነው ያሉት። ከዚያ ወደ እኔ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። አንተ ከጅማ ስትደርስ የሰማኸው ያንን ነው። የገዛ አባትህ አፍ ያወራውን ብታምን አልፈርድብህም። ይኸው አሥራ አራት ዓመት በሳቸው ተሸፍኜ ኖርኩ። አንተ ስትረግማቸው እሰማለሁ፣ ሻይ አፈላልሃለሁ፣ ዝም እላለሁ። ፈረስ መጋላ ላይም ዝም ብዬ ወረቀትህን ማደል ቀጠልኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አሁን የምርጫውን ቀን ልንገርህ። አባባ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ወረቀት ማንበብ ካቃታቸው ቆይቷል፤ አሁን ቀጥ ያለውን ስፌት ብቻ ነው በእጃቸው እየዳሰሱ የሚሰፉት። ማየት የማይችል ሰው የሚያግዘውን ሰው ራሱ መምረጥ ይችላል ተባለ፤ እሳቸውም ልጄ ታስገባኝ አሉ። ጣቢያው ላይ ያለችው ልጅ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ፤ ያየሽውን ለማንም አትናገሪም፣ እሳቸው ያሉሽን ብቻ ነው የምታደርጊው አለችኝ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁ። ስለዚህ ከመጋረጃው ጀርባ አባባ ምን እንዳሉኝ አትጠይቀኝ። ቃል ብዙ ጊዜ በልቻለሁ፤ ይህችን አልበላም።

ከሳቸው ቀጥሎ የራሴን ወረቀት ይዤ ገባሁ። ባልዲህን አየሁት፣ ስምህንም አየሁት። ወንድም ጋሼ፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንተን ብመርጥ፣ አዎ፣ ወንድሜ በማይክራፎን ያለው እውነት ነው፣ እማዬን ወደ ዳገቱ የሰደዳት አባቴ ነው ብዬ የምፈርም መሰለኝ። በአንተም ተናድጄ ነበር፤ በራሴ ግን ይብስ ነበር። ሌላ ሰው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። የማን ፕሮግራም ምን እንደሚል እንኳ አላነበብኩም። ውሃ ካንተ የተሻለ ያመጣሉ ብዬም አይደለም። የመረጥኳቸው መምህርት ሰገነትን ነው፤ ከንግግርህ በኋላ የሳቸው ባጃጅ እየቀሰቀሰ በአባባ ሱቅ በኩል ሲያልፍ ድምፅ ማጉያውን ስላጠፋ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ይመረጣል? ካልክ አዎ፣ እኔ በዚህ መርጫለሁ።

እንግዲህ ያቺ አንዲት ድምፅ የኔ አይደለችም። አንተም ራስህ የተመዘገብከው ሐኪም ጋራ ባለው ጣቢያ ነው፤ ያንተም አይደለችም። ለሦስት ሳምንት ስታመሰግነኝ ዝም አልኩህ፤ ምስጋናህ ጣፍጦኝ ነበር መሰለኝ። እሑድ አልመጣም። የምጠላህ መስሎህ እንዳታዝን። አባባን ትቼ የትም አልሄድም፤ ሻይ ሲቀዱ እንኳ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ አድርገው ነው መሙላቱን የሚያውቁት። ይልቅ አንተ ና። መጥተህ ስደበኝ፣ ብትፈልግም ምታኝ፣ ዓይንሽን አላይም ካልከኝም እችለዋለሁ፤ የሚገባኝ ነው። በሳቸው ላይ የጣልከውን ጥፋት ግን አንሣላቸው። እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዋፊቃንም ነስሮንም ሌላውንም ጎረቤት ቤታችን ጠርቼ የውሃውን ነገር ልናገር ቆርጫለሁ። አባባ አላወቁም፤ ቢያውቁ ይከለክሉኛል።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደብዳቤውን ልጨርስ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። የመጋረጃው ጀርባ አይደለም፤ ይኼ መንገድ ላይ የሆነ ነው፣ መንገድ ላይ ለሆነው ደግሞ ቃል አልገባሁም።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ጠዋት አባባን ወደ ሱቅ እየወሰድኩ በጣቢያው በር አለፍን። ሰው ተኮልኩሎ ያነባል። አባባ ክንዴን ጠበቅ አደረጉና፣ የልጄን አንብቢልኝ አሉኝ። ገፋ ገፋ አድርጌ ገብቼ አየሁና ተመለስኩ። ብዋሻቸው ደስ ባለኝ፤ ነስሮ አጠገባችን ቆሞ ስለነበር አልቻልኩም። አንድ ነው አባባ፣ አልኳቸው።

አንድ ብቻ? አሉኝ።

አዎ፣ አልኩ።

ከዚያ በዚያ በማያይ ዓይናቸው ፊቴን እየፈለጉ፣ ቀስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ አድርገው፣ ታዲያ አንቺ የት ሄደሽ ነው? አሉኝ።

አልተቆጡኝም። እጄን ይዘው ሱቅ ድረስ ሄድን፤ መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ክሩን በዳሰሳ ሲያስገቡ ቆዩና፣ ከጠየቀሽ፣ ድምፅዋ የኔ የእህትህ ናት በዪው፣ ካንቺ ስትሆን ደስ ይለዋል፣ አሉኝ።

የእማዬ አምላክ ይጠብቅህ። ልብህን ያራራልህ፣ እግርህን ወደ ቤት ያቅናልህ። ሙቀቱ ላይ ብዙ አትሂድ። አልጋህን ከድመቷ አስለቅቄ አንሶላ አነጥፍልሃለሁ።

ያልመረጠችህ ታናሽ እህትህ፣
ከሐረር