ከአሮጌው ምሽግ ቦይ ውስጥ የቀረበ ምስጋና

ለደኖችና ታሪካዊ ፍርስራሾች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እኔም፣ ባለቤቴም፣ አማቴም ለጤናዎ ያለንን ልባዊ ምኞት በታላቅ ትሕትና እንገልጻለን። በተለይም ጉልበትዎ እንዲጠነክር፣ ዓይንዎ ደቃቅ ጽሑፍ ከሩቅ እንዲያነብ፣ አጥንትዎም ድንገት ከከፍታ ቢወርድ እንዳይሰበር እንመኝልዎታለን፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ራስዎ ባዘጋጁልን መንገድ ላይ ይራመዱ ይሆናል የሚል ተስፋ አለን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው፤ መንገድ ጠፍቶት እንደማያውቅ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። አማቴ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ሲሆኑ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ከታከሙ በኋላ ሐኪማቸው ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ስላዘዘላቸው፣ «ለማንኛውም ዕድሜ የሚስማማ፣ ቀላል፣ ከተነሡበት የሚመልስ የደን ዙር፤ የጥንት ወታደራዊ ፍርስራሾችን እያዩ ይዝናኑ» የሚለውን ማስታወቂያዎን በጋዜጣ ላይ ስናይ ለእኛ ብለው ያወጡት ነበር የመሰለን።

እውነቱን ለመናገር የወጣነው ለጉልበት ብቻ አልነበረም። አማቴ ጠቅልለው ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በአንድ ጣራ ሥር እየኖርን እንደ ሱቅ ሻጭና እንደ ገዢ በትሕትና ብቻ ነበር የምንነጋገረው። ባለቤቴ መሐላችን ገብቶ መላው ሲጠፋው «ትንሽ አየር ብንቀበል ይሻላል» ብሎ ይዞን ወጣ። እንግዲህ በቅደም ተከተል ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ስለ ቀስቶቹ። ከደኑ አፍ ላይ በቆመው ምሰሶ «መሄጃ» እና «መመለሻ» የሚሉት ሁለት ቀስቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ባለቤቴ አየት አድርጎ «ይሄማ ግልጽ ነው» አለ። በእርግጥም ግልጽ ነበር። ዜጎችን ከምርጫ ጭንቀት ስላሳረፉ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ «የጥንት የጥይት ማከማቻ» ከሚለው ሰሌዳ ፊት ለፊት ጣራው የወረደ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ ክፍል አገኘን። ባለቤቴ ኮፍያውን በአክብሮት አውልቆ፣ ወታደሮቹ በጠባቧ መስኮት በኩል እንዴት ያነጣጥሩ እንደነበር በሰፊው አብራራልን፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ። አማቴ ግን ወደ ውስጥ ብቅ ብለው ወዲያው ተመለሱና አፍንጫቸውን በመሐረብ እንደያዙ «ልጄ፣ እዚህ የተተኮሰው ጥይት አይደለም» አሉት። ለካ ጽሕፈት ቤትዎ በቅርቡ ለጎብኚዎች ያሠራው መጸዳጃ ቤት ኖሯል። አዲስ ግንብን በዚህ ፍጥነት ታሪካዊ ፍርስራሽ ማድረግ የቻለ ሌላ መሥሪያ ቤት አላውቅም። እውነተኛው የጥይት ማከማቻ ከጀርባው ቁጥቋጦ ውጦት ቆሟል፤ ግድግዳው ዛሬም ቀጥ እንዳለ ነው። ግንበኞቹ በጨረታ የተመረጡ ስላልነበሩ ይሆናል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ደኑ፣ መቼም እርስዎ ያልሠሩት ስለሆነ፣ እጅግ ያማረ ነበር። ፀሐይዋ በቅርንጫፎች መሐል እየሾለከች፣ ወፎቹ እየተንጫጩ፣ አማቴም ምርኩዛቸውን ረስተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየሄዱ፣ ወታደሮች ተደብቀው ይተኩሱበት ከነበረው ረጅም ቦይ ደረስን። ከቦዩ ጠርዝ ላይ ፊደሎቿ ጉንዳን የሚያካክሉ አንዲት ሰሌዳ ተተክላለች። አማቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ፤ አልታያቸው ስላለ አሁንም ጠጋ አሉ፤ «ጥልቅ ቦይ ስላለ ወደዚህ ሰሌዳ አይጠጉ» የሚለውን ጮክ ብለው አንብበው እንደጨረሱ ጠርዙ ተናደና ከነሰሌዳዋ ከዓይናችን ተሰወሩ።

እኔም ሳላስበው ተንሸራትቼ ተከተልኳቸው። ደግነቱ ጽሕፈት ቤትዎ ቦዩን አስጠርጎ ስለማያውቅ፣ የከረመው የቅጠል ክምር እንደ ፍራሽ ተቀበለን። አማቴ ከቅጠሉ መሐል ቀና ብለው ጉልበታቸውን ዳበሱና «ደኅና ነኝ፤ ሐኪሙ ግን ይህን አላዘዘም» አሉ።

ባለቤቴ እጁን ሊሰጠን ባጎነበሰ ቁጥር ጠርዙ እየተናደ እሱንም ሊጨምርልን ሆነ። ስለዚህ ሰው ፈልጎ እንዲያመጣ ላክነው፤ እሱም ቀስቶችዎን እየተከተለ ሮጠ። ብዙ ቆይቶ፣ በሌላው ወገን ካለው ዛፍ ጀርባ «ሰዎች! ድምፃችሁን ሰምቻለሁ! እርዱኝ፣ እናቴና ሚስቴ ጉድጓድ ገብተውብኛል!» እያለ ብቅ አለ።

አማቴ ሽቅብ አዩትና «እኛው ነን፣ ልጄ፤ ቀጥል» አሉት።

መሳቅ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። እሳቸውም ሳቁ፤ ከሐዘናቸው ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ሳቁ ሲበርድ ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ግድ የለም፣ ስሄድ ትገላገሉኛላችሁ» አሉኝ።

«ማን ነው ይሂዱ ያለዎት፣ እማ?»

«በሩን ዘግተሽ ነው የምትሰፊው። ኮቴዬ አስጠልቶሽ መሰለኝ።»

በሩን የምዘጋው የስፌት መኪናው ድምፅ እንዳይረብሻቸው ነበር። ይህንኑ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና «እኔ እኮ እሱን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሰው ያለበት ቤት ያስመስለዋል» አሉ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነውን ለእርስዎ አልዘረዝርም፤ እጃቸው በእጄ ውስጥ እንደነበረና የሴት ልጃቸው ቤት ጉዞ እዚያው ቅጠሉ ላይ እንደተሰረዘ ማወቁ ይበቃዎታል።

አራተኛ፤ ሰሌዳዋ አብራን ስለወደቀች ግርጌዋ ላይ ያለውን የአደጋ ጊዜ ስልክ በምቾት አነበብን። ስደውል «ፀጉር ቤት፣ አቤት» የሚል ድምፅ መለሰልኝ። ይቅርታ ጠይቄ ልዘጋ ስል «ቆይ፣ ከጫካው ነሽ? የወደቀው ሰው ይናገራል?» አለኝ። ለካ ጽሕፈት ቤትዎ የጻፈው የራሱን ሳይሆን የዚህን ምስኪን ሰው ስልክ ነው፤ ሰውየው ስሕተቱ ይታረምልኝ ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ ቢጽፍ መልስ አጥቶ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ መሰላል ገዝቷል። ፀጉሩ በግማሽ የተቆረጠ ደንበኛውን የመሰላሉን ሌላ ጫፍ አሸክሞ መጣ። መንገድ ላይ አዲስ ዙር የጀመረውን ባለቤቴን ስላገኙት እሱንም ይዘውልን መጡ። ሦስቱ ተረባርበው አማቴን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው አወጧቸው። አማቴም የደንበኛውን ራስ ዞር ብለው አዩና «አንተስ በምን ወደቅክ?» ሲሉት እሱ ራሱ ከሁላችን በላይ ሳቀ።

አሁን ደኅና ነን፤ ቤታችን ወሬና ሳቅ በዝቶበታል። ሆኖም ያ ቅጠል ባይኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ቃና እጽፈው እንደነበር እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ። ለቦዩ አጥር፣ ለሰሌዳው ጎላ ያሉ ፊደሎች፣ ለፀጉር አስተካካዩም ዕረፍት ቢፈቅዱ፣ ከሥራ ብዛትዎ አንጻር ከባድ ጥያቄ መሆኑን ብረዳም፣ ውለታዎ አይረሳም።

ያቀኑልንን መንገድ ደግመን ደጋግመን የዞርንበት፣ የጽሕፈት ቤትዎን ጥልቀት በአካል ወርደን ያየን፣ ለሥልጣንዎ ዘመን ከምንመኘው ማጠር በቀር ሌላ ክፉ ነገር የማንመኝልዎ፤

ታዛዥዎ ልብስ ሰፊዋ፣ ከነባለቤቷና ከነአማቷ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእርስዎ፣ ግልባጩንም ለጋዜጣው ልልክ ስዘጋጅ፣ የመውደቃችን ወሬ ደርሶት ጽሕፈት ቤትዎ አፋጣኝ እርምጃ ወስዷል ሲባል ሰምተን ትናንት ሄደን አየን። ቦዩ እንዳለ ነው፤ አጥርም የለውም። አጠገቡ ግን «እዚህ ቦታ መውደቅ በሕግ ያስቀጣል» የሚል ግዙፍ ሰሌዳ ቆሟል። አማቴ አንብበው ሲጨርሱ «እንኳን ሕጉ ሳይወጣ ወደቅኩ» ብለዋል።