የጋሼ ቱታ ሕይወትና ላይኛው መንደር ያልደረሰው መልእክት

ከሥራ ልብሳቸው የተነሣ ትንሽ ትልቁ «ጋሼ ቱታ» የሚላቸው ሰው፣ ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ዛሬ የእህል መጋዘኑ በቆመበት ቦታ፣ ያኔ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። እርሳቸው ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመት የሚያንሰው የመጨረሻው ልጅ ይህን ጽሑፍ የጻፈውና አሁን ቆሞ የሚያነበው ወንድማቸው ነው። እናታቸው ቶሎ ስላለፉ፣ ይህን ወንድማቸውን አጥበው፣ አብልተው፣ ሲያጠፋም ቆንጥጠው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ቁንጥጫው እንዳነሰ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ከተማሩ በኋላ እርሻ ማሠልጠኛ ገብተው በ1966 ዓ.ም. ተመረቁ። በዓመቱ በተክል ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የጸረ ተባይ መድኃኒት ረጪ ሆነው ተቀጠሩ፤ ቆይተውም ቡድን መሪ ሆኑ።

በዚያ ዘመን መድኃኒቱ እንደ ተአምር ይታይ ነበር። ተምች በመጣ ቁጥር ገበሬው «ጋሼ ቱታን ጥሩልን!» ይል ነበር። እርሳቸው ግን መድኃኒቱ ጠላትና ወዳጅ እንደማይለይ ገና በጠዋቱ ገብቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጡ፦ ከርጭት በፊት ባለው ቀን ንብ ያለበት ቤት ሁሉ በር ይንኳኳል። ንብ አናቢው ተነግሮት በማግስቱ ንቦቹ ሳይወጡ የቀፎውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ይዘጋና ዘግቶ ይውላል። አለቆቻቸው ማስታወቂያ መለጠፍ ይበቃል ሲሏቸው «ማስታወቂያ የሚያነበው የለጠፈው ሰው ብቻ ነው» ብለው በእግራቸው ይዞሩ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቱታው ደጅ ካልወለቀ ራት የለም ስላሉ፣ ጋሼ ቱታ ዓመቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ልብስ ሲቀይሩ ጎረቤት እየሳቀ ያያቸው ነበር።

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ «በ1999 ዓ.ም. ወደ መጋዘን ክፍል ተዛወሩ» ብሎ ያልፍ ነበር። ቤተሰቡ አንብቦ ወዶታል። ጸሐፊው ግን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እግሩ አልሄድ አለው። ጋሼ ቱታ አልተዛወሩም። አጥፍተዋል ተብለው ከደረጃቸው ወረዱ፤ ጥፋቱ ደግሞ የእርሳቸው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ በቆሎውም ዘግይቶ አበበ፤ ተምቹ ግን ቀኑን አልሳተም። ርጭቱ ለማግስቱ ተቆረጠ። ጋሼ ቱታ የታችኛውን መንደር ራሳቸው ሊያዳርሱ ሄዱና የላይኛውን ለወንድማቸው ሰጡት። ወንድማቸው በእርሳቸው ልመና በጊዜያዊነት የተቀጠረ፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ የመርጫ ሞተር መካኒክ ነበር። ዳገቱን ሳያጋምስ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሣ። በነፋስና በዝናብ አይረጭም፤ ይህን ያስተማሩትም ጋሼ ቱታ ናቸው። «በዚህ ደመና ነገ ማን ይረጫል?» አለና ከመንገዱ ተመልሶ ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ዳማ ሲጫወት ዋለ። ሁለት ጊዜም አሸነፈ።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ጋሼ ቱታ ጭምብላቸውን እያጠለቁ «የላይኞቹ ሰሙ?» ብለው ጠየቁ። ሠራተኛው ተሰልፏል፣ ሞተሩ ተነሥቷል። ወንድማቸው «ሰምተዋል» አለ። ለዚህች ቃል ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምክንያት ሲፈልግላት ኖሯል። ፈርቶ ነው፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ በላይኛው መንደር የስድሳ ሦስት ቀፎ ንብ አለቀ። አርባ አንዱ የአባ ሰፈፍ ነበር። አባ ሰፈፍ ከአባታቸው በወረሱት ንብ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ነበሩ። የሞተ ንብ በወንፊት ሞልተው አምጥተው ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉትና «በሬን ማን አንኳኳ?» አሉ። ጋሼ ቱታ ወንድማቸውን አዩት። ወንድማቸው ጫማውን አየ። ሚስቱ በዚያው ሳምንት ልትወልድ ነበር፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ደግሞ ለመባረር አንድ ቀን አይፈጅበትም። ጋሼ ቱታ ይህን ያውቃሉ። «ማንኳኳት የእኔ ሥራ ነበር፤ አላንኳኳሁም» አሉ። በዚህም ከቡድን መሪነት ተነሥተው የባዶ በርሜል ጠባቂ ሆኑ። ወንድማቸው ልጁን ሳመ፣ ደመወዙን በላ፣ ቋሚም ሆነ።

በተከታዩ ወቅት የላይኛው መንደር ዱባ እያበበ ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። ጋሼ ቱታ ከሥራ በፊት ማልደው እየወጡ፣ በቀለም ብሩሽ የወንዱን አበባ ዱቄት ወስደው ሴቷን ይቀቡ ጀመር። ሰው «የዱባ ሚዜ» ብሎ ሳቀባቸው። እርሳቸውም አብረው ሳቁ። ከሰባት ማሳ አራቱ ትንሽ ትንሽ ፍሬ ሰጡ፤ ንብ የምትሠራውን ሰው በብሩሽ አይጨርሰውም። አባ ሰፈፍ ግን አጥራቸውን አላስነኩም። ንቡን ትተው በወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክመው ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከጋሼ ቱታ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ «ሬሳውን እንኳ አልሸኝም» ብለው በሰው ፊት ምለዋል። ይህ ሲነገራቸው የጋሼ ቱታ መልስ «ዝም አይነቅዝም» ነበር። ዝምታ ይነቅዛል፤ ወንድማቸው ምስክር ነው።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳንባቸውን ታመው ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። ሐኪሙ ስንት ዓመት መድኃኒት እንደረጩ ሲጠይቃቸው «ጭምብሉ ቀዳዳ ከነበረበት ልቁጠር ወይስ ከተደፈነበት?» ብለው አሳቁት። ወንድማቸው በየቀኑ አልጋቸው አጠገብ እየተቀመጠ፣ ዛሬስ እናገራለሁ ባለ ቁጥር ትራሱን አስተካክሎ፣ ውኃ አጠጥቶ ይሄድ ነበር። ጋሼ ቱታም አልጠየቁትም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ወር «ላይ መንደር ንብ ተመልሶ ገባ ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አሉት። «እኔ እንጃ» አለ። ሄዶ ለማየት የአርባ ደቂቃ መንገድ ነበር። አባ ሰፈፍን እንዳያገኝ ፈርቶ አልሄደም። ጋሼ ቱታ ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ መልሱን ሳያገኙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል። ወንድማቸው ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ይህን የነገራቸው ትናንት ነው። ባለቤታቸው ብዙ አልቅሰው «እንዳለ ይነበብ» ብለዋል። አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ካለ፣ ልክ ነው።

ይህ ወረቀት ሲታተም አባ ሰፈፍ ይምጡ አይምጡ አልታወቀም። እዚህ ቆመው የሚሰሙ ከሆነ፣ ካልመጡም የሰማ ሁሉ ያድርስላቸው፦ አባቴ፣ በርዎን ሳያንኳኩ የቀሩት እኚህ ሰው አይደሉም። ቂምዎን ከሬሳ ሣጥኑ ላይ ያንሡት። የጥፋቱ ባለቤት ወረቀቱን ይዞ ፊትዎ ቆሟል።

ፈጣሪ የጋሼ ቱታን ነፍስ በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። በወንድማቸው ላይ አባ ሰፈፍ ይፍረዱ።