ከሰላማ ጀርባ የተፋቀው ቀለም

ሞምባሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኦገስት 17

ለማትጠገቢዋ እናቴ፤ ፋዛ፣ አያቴ ቤት

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባዬ የሚሠራውን ዓሣ እየበላን እስካሁን በሕይወት አለን፤ ይህም የአላህ ሥራ ነው። ስልክሽን ስለዘጋሽ ደብዳቤውን ለሰርጉ ወደ ፋዛ ለምትመጣው ለሙሽራዋ አክስት ሰጥቻታለሁ። መንገድ ላይ ከፍታ እንደምታነበው ስለማውቅ፣ እሷንም ሰላም ብያታለሁ።

ወደቡ ላይ ቆመሽ የሰርገኞቹን ጀልባ፣ ሰላማን፣ እየጠበቅሽ ከሆነ ወደ ቤት ግቢ። ጀልባዋ አልተነሳችም። ሰርገኞቹ እስከ የብሱ መጨረሻ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚመጡት። ለምን እንደሆነ ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ።

የላክሽው ቃል ደርሷል። «የወንድሜ ብየዳ በዚህኛው ጊዜ ካለፈ በዚያችው ጀልባ እመለሳለሁ» ማለትሽን አባዬ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል፤ ዓሣ ሻጩ ሳይቀር «ኮምቦ፣ ፈርምና ሚስትህን አስመጣ» ይለው ጀመር። አባዬ ግን እንደምታውቂው የብየዳ ፈታሽ ነው፤ ማሽኑ ሳያይ አይፈርምም። ያኔ እንኳ፣ የአጎቴን የፉሞን ብየዳ ጥሎበት አጎቴ ከሥራ የተባረረ ጊዜ፣ «ወንድሜ ይበልጥብሃል ወይስ ማሽንህ?» ብለሽ ጠይቀሽው ወደ ፋዛ ከመሄድሽ በፊት ምን አለ? «ማሽኑ የማን ወንድም እንደሆነ አያውቅም።» በሞምባሳ ካሉት ባሎች ሁሉ እንዲህ ብሎ የሚመልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለእኛ ደረሰን።

ሐሙስ ዕለት የሰላማን የኋላ ብረት ሊፈትሽ ሄደ፤ አጎቴ አዲስ የበየደውን። እኔም ዕቃ ልያዝልህ ብዬ ተከተልኩት። የወደቡ ሽማግሌዎች የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተደርድረው ሲጠብቁን የሚሸጥ ዶሮ ይመስሉ ነበር። የሁሉም ታላቅ የሆነው ሙዜ አትማኒ እንደ ልማዱ መሐል ተቀምጧል። አባዬ ገና ዝልግልጉን ጄል ብረቱ ላይ ቀብቶ መዳሰሻውን ሲያስቀምጥ ጀመረው፦

«ልጄ ኮምቦ፣ ብረት ስታዳምጥ ሚስትህ የምትለው ሳይሰማህ ቀረ አይደል?»

ሁሉም ሳቁ። አጎቴ ፉሞ ግን አልሳቀም፤ ራቅ ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። እሱና አባዬ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

አባዬ ከብየዳው በስተግራ በኩል ጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ። የማሽኑ ትንሿ መስታወት ላይ ያለው መስመር ተኝቶ ቀረ፤ አንድም ቦታ አልዘለለም። «ንጹሕ ነው» አለ። የጀልባዋ ባለቤት ቢ ዙሌካ እልል አለች። እኔም የአንቺን አልጋ አንሶላ ማጠብ እንዳለብኝ ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ አባዬ አፉን ከፈተ፦

«በግራ በኩል ነው ያልኩት። ከቀኝ ካላየሁ አልፈርምም።»

በቀኝ በኩል ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ሙዜ አትማኒ በገዛ እጁ የሳለው የሰላማ ስም፣ ከጎኑም ጨረቃና ኮከብ። በየዓመቱ በአሮጌው ላይ አዲስ እየደረበበት ቀለሙ እንደ ኬክ ወፍሯል፤ ኮከቡም እያበጠ የተጠበሰ ኦክቶፐስ መስሏል። አባዬ ለሽማግሌዎቹ ማስተማር ያዘ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ስንጥቅ ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል፤ ስንጥቁ ወደ ወዲያ ካዘመመ ግን ድምፁ አንሸራቶ ያልፈዋል፤ ከሌላኛው ወገን ካልመጡበት አይታይም፤ ያ የወፈረ ቀለም ደግሞ ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ይፋቅ። ሙዜ አትማኒ ይህን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ ዱዓ የተደረገበት ስም ጀልባዋ ሰርገኛ ልትጭን ስትል አይፋቅም፣ የፋቀው ሰው የባሕሩን ዕዳ ይቀበላል አለ። ቢ ዙሌካም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ፦

«ተዉት። ምክንያት ነው የሚፈልገው። የእኔ እጅ የነካውን ብረት መቼም አያሳልፍም።»

አባዬ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤት ሄደ። እራትም አልበላም። እማዬ፣ መፈረም ይችል ነበር። ማንም አይጠይቀውም ነበር። አንቺም በሰርጉ ማግስት ወደ እኛ ትመለሺ ነበር።

ስለዚህ አርብ፣ ወንዶቹ ሁሉ ጁምዓ ሲሄዱ፣ እኔ መፋቂያ ይዤ ወደ ጀልባዋ ሄድኩ። ዘበኛው ከሶላት ቀርቶ ተኝቶ ነበር፤ ስለዚህ እኔን ሊከሰኝ አይችልም። ጨረቃው ቶሎ ለቀቀ። ኮከቡ ግን ክንዴን ገነጠለው። ሲመለሱ ጥቁሩ መደረቢያዬ፣ ቡይቡዬ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ አፍንጫዬ አረንጓዴ ሆኖ አገኙኝ። ሙዜ አትማኒ በትሩን አነሳ፤ ግን በትሩን ካነሳ መቆም ስለማይችል መልሶ ተመረኮዘበት።

አባዬ ቀረብ ብሎ የፋቅኩትን በጣቱ ዳሰሰ።

«እስከ ብረቱ አልደረስሽም» አለኝና መፋቂያውን ከእጄ ወስዶ ጨረሰው።

ከዚያ የጄሉ ጠርሙስ ባዶ መሆኑን አየ። ሐሙስ ዕለት ጨርሶታል። ቢ ዙሌካ ኩሲው፣ የደቡቡ ነፋስ፣ ሳይበረታ መነሳት አለብን እያለች ታጉተመትማለች። አባዬ የዕቃ ቦርሳው ውስጥ፣ ከታች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የአንቺ የፀጉር ቅባት ቆርቆሮ ነበር፤ ያ የጃስሚን ሽታ ያለው፣ ረስተሽው የሄድሽው። ጠፋ ብዬ ቤቱን ሙሉ የፈለግኩት እኮ ነው። ሽታው ሲወጣ አጎቴ ፉሞ ዞር አለ። የእህቱን ሽታ አይስተውም።

አባዬ ማንንም ሳያይ ቅባቱን ብረቱ ላይ ቀባ። መዳሰሻውን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ጎተተ። መስመሩ ተኝቷል። ተኝቷል። የጀልባዋ መሪ ከተያያዘበት በላይ ሲደርስ መስመሩ ብድግ አለ። መለስ አደረገው፤ ወደቀ። እንደገና አመጣው፤ ብድግ።

ያኔ፣ የመጀመሪያው ጊዜ፣ አባዬ ለአጎቴ ሳይናገር ነበር ለአለቆች ያስታወቀው፤ አጎቴ መባረሩን ነው የሰማው፣ ስንጥቁን ማንም አላሳየውም። በዚህኛው ጊዜ አባዬ ማሽኑን አንስቶ አጎቴ ፊት አመጣና መስታወቱን ወደ እሱ አዞረው።

«ፉሞ፣ አንተ ቀድመህ እየው» አለ።

አጎቴ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የብረት መቁረጫውን አምጡ አለና ብየዳውን ራሱ ከፈተው። ሲገለጥ ጣቴን የሚያህል ጥቁር መስመር ተጋድሞበታል። ስልሳ ሰው ጭና፣ በዚህ ማዕበል፣ መሪዋ ቢገነጠል ኖሮ ማለት አልፈልግም፤ አንቺም ለመመለስ ልትሳፈሪባት ነበር።

አጎቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ያኔም እንዲህ ብታሳየኝ ኖሮ» አለው።

«አላወቅኩበትም» አለ አባዬ። አባዬ እኮ ነው፣ እማዬ። አላወቅኩበትም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ከዚያ አጎቴ ቅባቱን አይቶ፣ «ይህን እህቴ ብታይ ታንቅሃለች» አለው፤ አባዬም «ታንቀኝ» አለ። እንዲህ ሆነ።

አሁን አጎቴ እንደገና እየበየደ ነው። አባዬ ምሳውን ወስዶለታል፤ ዓሣው አርሯል፣ አጎቴ ግን በልቶታል። ሙዜ አትማኒ ደግሞ ቀለም እየበጠበጠ ነው፤ ኮከቡን እኔ እንድስለው ለምኜው «ከሞትኩ በኋላ» ብሎኛል። ሰላም በይልኝ ብሏል፣ ዕድሜና ጤና ለአያቴ ጭምር።

እንግዲህ ካለፈ እመጣለሁ ነበር ያልሽው። አላለፈም። ስለዚህ ቃልሽ አያስመጣሽም፤ መምጣትና መቅረቱ የአንቺ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ቅባትሽ አልቋል። አባዬ ሌላ እገዛለሁ አላለም። ቆርቆሮውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አንቺ ሁልጊዜ የምታስቀምጪበት መስኮት ላይ መልሶታል፤ ክዳኑን ግን አልገጠመውም፤ ሞልታ የምትዘጋውን የሚጠብቅ ይመስላል።

አላህ መንገድሽን ሁሉ ያለስልስልሽ፣ ባሕሩንም ያስተኛልሽ።

አፍንጫዋ እስካሁን አረንጓዴ የሆነው ልጅሽ፣
ሳውሙ