የዘይቱን ቅጠል በፓይ ላይ

ውዷ ባለቤቴ አስቱዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ተመንፈቅ ሆነ። ጣሪያው ክረምቱን ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ አስጠግኜዋለሁ። የጓሮው ዘይቱን አጥሩን አልፎ አድጓል። ልነግርሽ የቸኮልኩት ግን ሌላ ነው፤ ምሕረት ወደ ቤት ተመለሰች።

አንቺ አላየሽም እንጂ፣ ሕመሙ ሲጠናብሽ ልጃችን ከምታስተምርበት ከካምባ ተነስታ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ዘጋባትና ከቀብርሽ በኋላ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ትደውላለች እንጂ ይህን ደጃፍ መርገጥ አልቻለችም። ስላንቺ ላወራት ስጀምር ደግሞ ሥራ አለብኝ ብላ ስልኩን ትዘጋዋለች።

ዘንድሮ ለመስቀል እመጣለሁ ስትለኝ ምን እንደማዘጋጅላት ጨነቀኝ። ያንቺ የሙዝ ፓይ ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስበላው ኖሬ እንዴት እንደሚሠራ አለማወቄ አሳፈረኝ። የማስታውሰው ቅጠሉን ብቻ ነው። የዘይቱን ቅጠል ቆርጬ እንዳመጣ ትልኪኝና፣ አጥበሽ የተዳመጠው ሊጥ ላይ በመዳፍሽ ትጫኚዋለሽ። ስታነሺው የቅጠሉ ጅማት ሁሉ ሊጡ ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ያንን በቅጠሉ ቅርጽ ቆርጠሽ ፓዩ ላይ ትደረድሪዋለሽ። አፌን ከፍቼ ሳይሽ፣ "አትገተር፣ ሌላ አምጣ" ትይኝ ነበር።

ዱቄቱንና ቅቤውን ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ አስለኩኝ። የመጀመሪያው አልሆነም። የሊጥ ቅጠሎቹ ኦቭን ውስጥ ተዝለፍልፈው ወደ ዳር ተንሸራተቱ። ሊጡ ፍሪጅ ገብቶ ሳይቀዘቅዝ መቆረጥ እንደሌለበት ያኔ ገባኝ። ለሁለተኛው ፓይ ከሊጡ የጫሞ ሐይቅን አሳ ልቅረጽ ብዬ ስታገል በሩ ተከፈተ። ምሕረት ሻንጣዋን እንደያዘች ቆማ አየችኝ፤ ሸሚዜም መነጽሬም ዱቄት ለብሷል።

"አባዬ፣ ይሄ አሳ ነው ጫማ?" አለችኝ።

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ቦታዬን ለቀቅሁላት። እጇን ታጥባ ቢላውን አነሳች። አስቱዬ፣ አያያዟ ቁርጥ አንቺን ነው። ከሊጡ ትንንሽ የሽፈራው ዛፍ ቅጠል እየቆረጠች በቀጭን ዘንግ ግራና ቀኝ ስትደረድር፣ ዓይኗ ሥራው ላይ ስለነበር እኔም ደፈርኩ። በመጨረሻው ቀን ያልሽውን ነገርኳት፦ "ልጄ መንገድ ይዟት ነው እንጂ አትቀርም። ስትመጣ ማንም ክፉ እንዳይናገራት።"

እጇ ቀጥ አለ።

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"መች አስወራሽኝ፣ ልጄ?"

አቀፈችኝ። ዱቄቱ ቀሚሷ ላይ ታተመ፣ አላራገፈችውም። ፓዩ አንድ ጎኑ አሮ ወጣ፤ ሌላው ግን ወርቅ ይመስል ነበር። ሁለታችን ቁጭ ብለን ስላንቺ እያወራን ጨረስነው፤ ያረረውን ሳይቀር።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ከፋሲካ በኋላ ልድራት ነው። እጮኛዋ የሙዝ አገር የላንቴ ልጅ ነው፣ ሲበዛ ጨዋ፤ ሙዝ ይዞ ነው የሚመጣው። ለሠርጉ ትንንሽ ፓዮች እንጋግራለን ብለናል። እሷ ቅጠሉን ትቆርጣለች፣ እኔ ላዩን እንቁላል እቀባለሁ። እንደማትኖሪ እያወቅን አንድ ወንበር ባዶ ማየታችን አይቀርም። ግን እንደ በፊቱ አልፈራውም።

እንግዶቹ ይህን ከማን ተማራችሁ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለጠየቀኝ ሁሉ ስምሽን እነግረዋለሁ። ላልጠየቀኝም እነግረዋለሁ።

ያንቺው
ታደሰ