ስለ እህቴ መንጋጋ ለተከበሩ የጣቢያ አዛዥ

ይድረስ ለተከበሩ የሠፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጥርስዎም የጎድን አጥንትዎም በየቦታው እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ልብስ የምሰፋና የምተኩስ ሴት፣ ከሁለት ወር በፊት በአባታዊ ምክርዎ ወደ ባሏ የመለሷት የጸጉር ሠሪዋ ታላቅ እህት ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። እህቴ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ የባሏ ጣቶች አሻራ አንገቷ ላይ በልዞ ቢሮዎ ስትገባ፣ «ሴትን መምታት ወንጀል ነው» የሚለው ፖስተር ከራስዎ በላይ ተለጥፎ ነበር፤ እርስዎም ጀርባዎን ሰጥተውት፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፣ የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር ነው ካሏት በኋላ፣ «ለመሆኑ ምን አድርገሽው ነው?» ብለው ጠየቋት። ከዚያም ባሏን፣ ብረት በያጁን፣ አስጠርተው አጨባበጧቸው።

ሁለተኛ፣ የእርቁን ውጤት ላሳውቅዎ። በሩን እንደ ዘጋ፣ ከከሰሰችበት አፏ ጀመረ። በቡጢ አልጠገበም፤ ጸጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ፊቷን ከዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ጋር ደጋግሞ አጋጨው። መንጋጋዋ ሲሰበር ጎረቤቷ በግድግዳው በኩል ሰምታለች፤ በሩን ገንጥላ ባትገባ ኖሮ ይህ ደብዳቤ መርዶ ይሆን ነበር። መርማሪዎም ሆስፒታል ድረስ ደክሞ መጥቶ፣ አፏ በሽቦ የታሰረባትን ሴት ትኩር ብሎ ካየ በኋላ፣ «ተበዳይ ቃሏን ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም» ብሎ ስለ ጻፈ ትጋቱን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛው ምስጋና እንጂ አቤቱታ አይደለም። ሕጉ የሞተ መስሎኝ አዝኜ ነበር፤ ለካ ተኝቶ ኖሯል። እህቴ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ዘንድ እንዳረፈች ባሏ መጣ። «ሚስቴን ስጪኝ፤ አዛዡ ሳይቀሩ ውሰዳት ብለውኛል» አለና ክንዷን ጨምድዶ ወደ በሩ ጎተታት። መጮህ እንኳ አልቻለችም፤ ከታሰረው አፏ የታፈነ ሲቃ ብቻ ወጣ። በእጄ የጋለ ካውያ ነበር። እጁ ላይ አሳረፍኩት፤ እስኪለቃትም አላነሳሁትም። የቆዳው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ጸጸት ግን ፈልጌ አጣሁ። ካውያው ሳይቀዘቅዝ ፖሊሶችዎ ከች አሉ። ለእህቴ በእግሩ እንኳ ያልመጣው ሕግ፣ ለእሱ በመኪና በረረ። በካቴና ስወሰድ፣ ምን አድርጎሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ፤ ሴት ልጅ ካለችዎትም፣ በክፉ ቀኗ እርስዎን የመሰለ አስታራቂ አይግጠማት።

በታላቅ አክብሮትና በዋስትና ላይ ሆኜ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ እህቴ ሽቦው እንደ ወጣላት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዳ፣ ቃላቱ እየተኮላተፉባት ሁሉንም ተናግራለች። በያጁ ታስሯል። በአቤቱታው ላይ ሁለተኛው ተጠያቂ እርስዎ ነዎት፤ እንዳይደነግጡ ግን፣ ጠበቃዋ እንዳስረዱን የጾታ እኩልነት ማለት ወንዱም ይጠየቃል ማለት ነው።