በግድግዳ ወረቀት ጀርባ የታተመው ጃዝ

ወንድሜ ሃሮልድ፣

በጸሎት ቤታችን ጃዝ የሰይጣን ነው ሲባል አሜን እያልኩ፣ በብዕር ስም ለአንዲት ትንሽ የጃዝ መጽሔት ስጽፍ ኖሬአለሁ። ሟቿ ባለቤቴ እንኳ አላወቀችም።

እዚያ እኛ ከተማ የአየር ጥቃት ሳይረን ሲጮህ ወደ ምድር ቤት እንሮጣለን፤ እዚህ ለንደን ግን የመጽሔቷ አዘጋጅ ማቪስ ማባዣ መኪናውን ማዞሯን አታቆምም። ወረቀት ስለጠፋ የምታትመው በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ነው።

«ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው በእውነተኛ ስሙ ካልፈረመ መጽሔቷ ትዘጋለች ተብለናል ከመንግሥት» አለችኝ። «ሚስተር ፔግ፣ ከቦምቡ ይልቅ ሰባኪዎን ፈሩ እንዴ?»

ጸለይኩ። ናዚዎች ያገዱትን ሙዚቃ እኔ በፍርሃቴ ላፍነው?

የወረቀቱ ቦታ ጠበበኝ፤ ባለቤትህን ኤዲትንና ልጆቹን ሳምልኝ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ከጠየቁህ አትሸሽግ፤ የመጽሔቷ ሽፋን ላይ «አልበርት ፔግ፣ የጸሎት ቤት መዘምራን መሪ» ብዬ በትልቁ ፈርሜአለሁ።