የማኅበሬን ቀን ሐይቅ ላይ ዋልኩ

እሑድ፣ ባቡር ውስጥ

ጉድ ፈላ። ስልኬን የከፈትኩት አሁን ነው። ዛሬ የኔ ተራ ነበር። የማርያም ማኅበር፣ እኔ ቤት፣ ዛሬ! የሚቀጥለው እሑድ መስሎኝ። ሃያ አንድ የሚውለው ረቡዕ ነው፤ በዓሉ መሐል ሳምንት ላይ ሲውል ሁልጊዜ ወደሚመጣው እሑድ እንገፋዋለን። ባለፈው ወር ጽዋውን ስቀበል ግን፣ አባ መንገደኛ ስለሆኑ ቀደም ብሎ ይሁን ተብሎ ነበር። ሁሉም ሰምቷል። እኔ ጠረጴዛ ሥር ስልኬ ላይ ሰው ውኃ ላይ ሲንሸራተት እያየሁ ነበር። እሺ ብዬም ይሆናል።

ሴቶቹ እኔ ሰፈር፣ ሮም ቶር ፒኛታራ ድረስ መጥተው፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው፣ አባም አብረው፣ የተቆለፈ በር አገኙ። እትዬ አረጋሽ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው! እኔ ደግሞ ይኸው እዚህ ነኝ፣ ጸጉሬ ገና አልደረቀም።

ዛሬኮ ደስ ብሎኝ ነበር። መጻፉ ራሱ ያሳፍራል። ዌክቦርድ ነው የምሄደው፤ ከማኅበሩ ማንም አያውቅም። ሁለት እግር ሰሌዳ ላይ ታስሮ፣ እጀታ ጨብጦ፣ በሽቦ ገመድ እየተጎተቱ ውኃ ላይ መንሸራተት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልወድቅ ሙሉ ዙር ጨረስኩ። እዚያ ልማድ አላቸው፤ ጀማሪ አንድ ዙር ሲጨርስ ሁሉም የያዘውን ትቶ ያጨበጭባል፤ ሥጋ የሚጠብሰውም፣ ድንኳን ውስጥ የተኛውም። ያስተማረችኝ ፓኦላ አቅፋኝ አለቀሰች። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። ልክ በዚያው ሰዓት ሴቶቹ በሬን ያንኳኩ ነበር።

እትዬ አረጋሽ የድምፅ መልእክት ትተዋል። ቁጣ የለበትም። "ሙሉዬ፣ ምን አግኝቶሽ ነው? ደህና ነኝ ብቻ በይኝ" ይላሉ። እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? "ሲኞራ በድንገት ታመው ሆስፒታል ነበርኩ።" የምንከባከባቸውን አሠሪዬን አሳምሜ ጻፍኩና ላክሁት። እጄ ከኔ ቀደመ።

ሰኞ

ሲኞራ ዛሬ የሩዝ ሪሶቶውን ደግመው በሉ፣ ጨው አነሰው ብለውም ተቆጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉንፋን እንኳ አይደፍራቸውም። ደህና በዋሉ ሴትዮ ላይ አሟረትኩባቸው። ከወንበር በተነሱ ቁጥር ሮጬ ክንዳቸውን ስይዝ ጊዜ፣ ዛሬ ምን ነካሽ አሉኝ።

ነገሩን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። በፋሲካ ሰሞን እህታቸው ዘንድ፣ ሐይቁ ዳር፣ ይዣቸው ሄጄ ውኃ ላይ የሚንሸራተቱት ወጣቶች ላይ አፍጥጬ ሲያዩኝ፣ ሂጂ ሞክሪ ብለው ገፋፉኝ። በወጣትነታቸው እሳቸውም ከጀልባ ኋላ እየተጎተቱ ይንሸራተቱ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ለማኅበሩ ሴቶች እሑድም ሥራ ገባሁ እያልኩ ከቅዳሴ እቀራለሁ። ይኸው እውነቱ። የጎማው ልብስ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ዳሌዬ፣ ሆዴ፣ ምኔም አይቀር። ወንዶቹ ራቁታቸውን ለመሆን ቁምጣ ብቻ ነው የቀራቸው። በዚህ ዕድሜዋ አበደች እንዲሉኝ አልፈለግሁም። አሁን ከዚያ የባሰ አመጣሁ።

አልማዝ ደወለች። የማኅበራችን ሬዲዮ እሷ ናት። የትኛው ሆስፒታል አለችኝ። ወጥተዋል አልኳት። ምናቸውን ነው? ልባቸውን። ልባቸውን! ምነው ምላሴን በቆረጠው። ከሷ የሰማሁት ደግሞ ባሰ። ትናንት እትዬ አረጋሽ ሁሉንም ወደ ራሳቸው ቤት ወስደው፣ የተዘጋጀ ነገር ስላልነበረ ፓስታ ቀቅለው አበሏቸው። አባ የማርያምን ዝክር በፓስታ ባረኩ። በኔ ምክንያት።

ማክሰኞ

አሎራ፣ እንግዲህ የፈራሁት መጣ። እትዬ አረጋሽ ደውለው ሴትዮዋን መጥተው ሊጠይቁ እንደሆነ ነገሩኝ። እንዴት ይህን ሳላስብ ቀረሁ? ሐበሻ ታመመ ሲባል ሰምቶ ቤቱ ይቀመጣል እንዴ? ሐኪሙ እንግዳ ከልክሏል አልኳቸው። እኛ እንግዳ ነን እንዴ አሉ። ብዙውን ጊዜ ይተኛሉ አልኳቸው። ቀስ ብለን እንገባለን አሉ። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሲሻላቸው እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

እትዬ አረጋሽ፣ ሮም ስገባ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የለኝ፣ ቋንቋ የለኝ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አንድ ሱቅ በር ላይ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው ያገኙኝ። የት ታድሪያለሽ አሉ፣ ሻንጣዬን አንስተው ቤታቸው ወሰዱኝ። ዓመት ከመንፈቅ አንድ አልጋ ላይ ተኛን። እንዳልወድቅ በግድግዳው በኩል ያስተኙኝ ነበር፣ ልክ እንደ ሕፃን። ሲኞራ ዘንድ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። የዋሸሁት አልማዝን ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አንገቴን አልደፋም ነበር።

ረቡዕ፣ ማርያም

ከሥራ በፊት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልቁም?

ሲኞራ የእሑዱን ቪዲዮ ለበረኛው አሳዩት። ፓኦላ የቀረጸችውን፣ እንደ ጅል እሑድ ዕለት ከሐይቁ ዳር ልኬላቸው ነበር። "የኔ ሙሉ ናት" ይሉታል። እኔ ሳቅ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

ለእትዬ አረጋሽ ልናዘዝ ብዬ ደወልኩ። ከማንሳታቸው በፊት ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ

መጡ።

ሲኞራ ቲማቲም አምጪ ብለውኝ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ከወጥ ቤት ሳቅ ይሰማል። እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ሲኞራ ሊፕስቲካቸውን ተቀብተው፣ ለልብ ሕመማቸው የመጣላቸውን አጥሚት በትልቅ ኩባያ እየጠጡ ነው። በሩንም የከፈቱት ሲኞራ ራሳቸው ናቸው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፣ ጭብጨባውም ይሰማል።

እትዬ አረጋሽ ቀና ብለው አላዩኝም። ቪዲዮውን ድገሙልኝ አሉ በጣልያንኛ፣ ተደገመላቸው። ያንን የጎማ ልብስ፣ ያንን አፌን ከፍቼ የምጮኸውን ጩኸት፣ ሁሉንም አዩ። የት ነው፣ መቼ ነው ብለው ጠየቁ። እሑድ፣ አሉ ሲኞራ፣ በኩራት።

እትዬ አረጋሽ ጨዋ ናቸው፤ አጥሚቱ እስኪያልቅ ጠበቁ፣ ሲኞራን ስመው ተሰናበቱ። አሳንሰሩ ድረስ ሸኘኋቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት።

"በርሽ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር" አሉኝ። "ውስጥ ወድቀሽ ይሆናል፣ ሞተሽ ይሆናል ብዬ። ለሳቸው አጥሚት ይዤ መጣሁ። አንቺን ምን ይዤ ልጠይቅሽ?"

አሳንሰሩ ተዘጋ። ቲማቲሙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ዓርብ

አልማዝ ደውላ እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ አለችኝ። እትዬ አረጋሽ ናቸው የነገሯት። ሴትዮዋ አገግመዋል፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፣ ከእንግዲህ አታስቸግሯት ብለው ለሁሉም ነግረዋል።

ለኔ ሲሉ ዋሹ። እትዬ አረጋሽ! አሠሪያቸው ስልክ አንስተሽ እኔን የለችም በይ ሲሏቸው፣ አለች ግን ማነጋገር አትፈልግም ብለው የሚመልሱ ሴትዮ! ለኔ ሥጋ ደሙን የሚቀበል አፋቸውን አስዋሸሁት። ሐሙስ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፤ ማፈር ማለት ዛሬ ነው። እንባዬ ሰሃን ማጠቢያው ውስጥ ሲንጠባጠብ ሲኞራ ሽንኩርት መሰላቸው።

ዝም ብል ይዳፈናል፤ ማንም አያነሳውም። ግን እሳቸው ባዩኝ ቁጥር ያንን ውሸት ሊያዩ ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ ዕረፍት ነኝ፤ ሐይቁ ግን አልሄድኩም። ፓኦላ ሁለቴ ደወለች። ቀኑ ይሞቃል፣ መሄድ አምሮኛል፤ አላምረኝም ብል ሌላ ውሸት ነው። ቤቴን አጠብኩ። ያልቆሸሸውንም አጠብኩ።

እሑድ

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሴቶቹ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ቆሜ ተናገርኩ። ሲኞራ አልታመሙም፣ ሐይቅ ላይ ነበርኩ፣ ቀኑን የተሳሳትኩት ስላላዳመጥኩ ነው፣ እሑድም ሥራ አልገባም ነበር። በአንድ ትንፋሽ።

ሐይቅ ላይ ምን ትሠሪያለሽ አለችኝ አልማዝ። ሰሌዳ፣ ገመድ፣ መንሸራተት። እያስረዳሁ ስሄድ ለራሴም እብደት ሆኖ ተሰማኝ። የሳቀ የለም። "ለልባቸው ጧፍ አብርቻለሁኮ" አለችና ፊቷን አዞረች። ይህን ሳልረሳው እሞታለሁ።

ይሄን ጊዜ እትዬ አረጋሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። "አገግመዋል ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ጤነኛ መሆናቸውን አይቼ ነው ያልኩት። የምትቆጡ ከሆነ ሁለታችንንም ተቆጡ" አሉና አጠገቤ ቆሙ። ተቀመጡ እትዬ ብላቸው እንቢ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

አባ ከሄዱበት ሆነው በስልክ ስግደት ሰጡኝ። ጽዋው እኔ ዘንድ ይቆይ አይቆይ ገና አልተወሰነም፤ ሁለት ሴቶች ይወሰድባት ብለዋል፣ እውነታቸውን ነው።

ከእትዬ አረጋሽ ጋር አውቶብስ ያዝን። ሊወርዱ ሲሉ፣ ውኃው ጥልቅ ነው ወይ አሉ። አዎ እትዬ፣ ግን የማያሰጥም ጃኬት እንለብሳለን አልኳቸው። ጃኬት አሉ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ "ስትደርሺ ደውዪልኝ።"

ደርሻለሁ። ነጠላዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን አየዋለሁ። ምን እላቸዋለሁ? ይቅርታ ማለትን ጠገቡት። ደረስኩ ብቻ ልበል?

ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሱት።